ወንዝ ሲሻገር የተመታው ጣራ

ትእዛዙ የደረሰን በሰንበት ቀን ነው። «ከወንዙ ወዲህ ያለው የእኛ፣ ከወዲያ ያለው የሸፈተው ሹም ነው። ማንም እንዳይሻገር» ይላል። ይህን ያዘዙት አለቆች ወንዙን በዓይናቸው አላዩትም። እኛ ከአሶሳ ቁልቁል ወርደን ከመሻገሪያው በላይ ባለች ጉብታ ላይ ሰፈርን።

ልጆቼ፣ ማዶ የነበረችው ፋጉሌ የምትባል ትንሽ መንደር ናት። ከጀርባዋ ድንጋያማ ተራራ፣ ከፊቷ የማሽላ እርሻ። ስትገብር የኖረችው ለእኛ ነው፤ ቀድሞም ከወንዙ ወዲህ ነበረች። የዚያ አገር ሰው መሬቱ ሲደክምበት የጎጆውን ጣራ ከነክዳኑ አንሥቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ለማ መሬት ይሄዳል። የመንደሩ ስምም አብሮት ይሄዳል። ለእነሱ መንደር ማለት ሰው ነው። አለቆቻችን ግን አፈሩን ብቻ አይተው ፋጉሌን በአንድ ቃል የጠላት አደረጓት።

መንገድ መሪያችን ሐሰን የበርታ ተወላጅ፣ የጨው ነጋዴ ነበር። ወንድሙ ማዶ ነው ያለው። ማምሻውን እኔ ቆሜ ስሰማ ለአዛዣችን ለፊታውራሪው ነገራቸው።

«ጌታዬ፣ የፋጉሌ ሰው ወሬ ሰምቷል። ወዲያ ከቀረን ጠላት እንባላለን ብሎ ፈርቷል። ወላሂ፣ ቤቱን ይዞ ይመለሳል።»

«ትእዛዙን ሰምተሃል» አሉት።

ጎሕ ሲቀድ ወንዙን ጉም ሸፍኖት ነበር። ከጉሙ ውስጥ አንድ ሾጣጣ ነገር ብቅ አለ፤ ከሥሩ ብዙ እግር ይታያል። ሐሰን «ጣራ ነው፣ የቤት ጣራ ነው» እያለ ወደ ውኃው ሮጠ። አጠገቤ ያደፈጠው ጓዴ ወልዴ «ጌታዬ፣ ሰውየው ትናንት ያለው እኮ ነው» አለ።

ፊታውራሪው «ተኩስ» አሉ።

ተኮስን። ጣራው ወደ ግራ አዘነበለ። ከዚያ ወደቀ። ውኃው ጥቂት ገፍቶት ድንጋይ ላይ አቆመው። አንድም ጥይት አልተመለሰልንም።

ረፋድ ላይ ጉሙ ተገለጠ። ከጣራው ሥር ሰባት ሬሳ አወጣን፤ አንዱ የሐሰን ወንድም ነው። ስምንተኛው ራሱ ሐሰን። ጦር የያዘ አልነበረም፤ እጃቸው ወጋግራውን እንደጨበጠ ነበር። ማዶ ሴቶቹ ቅላቸውን በትከሻ ዘንግ አንጠልጥለው ለመሻገር ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። እያለቀሱ ወደ ተራራው ሸሹ።

ፊታውራሪው «ጠላት ሊሻገር ሲል ተመታ፤ ከእኛ ወገን የተጎዳ የለም» ብለው መልእክተኛ ላኩ። ሐሰን የማን ወገን ነበር ታዲያ? ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ወልዴ መልእክቱን ሲሰማ ጠመንጃውን አስቀምጦ መቃብር ሊቆፍር ሄደ፤ ተከተልነው።

ከማዶ አንድ ሽማግሌ ተሻግሮ መጣ። ሬሳዎቹን በሃይማኖታቸው ሥርዓት አስተኛቸው። ወልዴ «አባባ፣ ወዲያ ወስደን እንቅበራቸው?» አለው።

«የለም፣ ወዲህ ይቀበር» አለ ሽማግሌው። «ወዲህ እመጣለሁ ብሎ ነው የሞተ።»

ከዓመታት በኋላ የአገራችን ወሰን ሲተከል ከዚያ ወንዝ አልፎ፣ ከተራራውም ጀርባ ሆነ። ሁለቱም ዳር የእኛ ነው ተባለ። ሰባቱ ሰዎች የሞቱት እንግዲህ ከአገራቸው ወደ አገራቸው ሲሻገሩ፣ ሐሰንም ሊቀበላቸው ሲሮጥ ነው። ያን ቀን «ወዲያ የጠላት ነው» ካሉት አለቆች መካከል ግን አንድም ሰው መጥቶ «ተሳስተን ነበር» ሲል አልሰማሁም።