ጥርስ ያለው ሽፋን

ማተሚያ ቤት ከገባች ሃያ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራት። የሥራ ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ሳሙና» ነበር የሚሏት፤ በከተማው እጁን የሚታጠብ ሰው ሁሉ የሚያውቃትን፣ አረፋ መሃል ሆና የምትስቀውን ቆንጆ በሳሙናው መጠቅለያ ላይ የሳለቻት እሷ ናትና። የብስኩት ካርቶን በሉት፣ የክብሪት ቀፎ በሉት፣ የሳል ሽሮፕ በሉት፣ እሷ ልብስ ያላለበሰችው ዕቃ አልነበረም። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር «መደርደሪያ ላይ ያልጮኸ ዕቃ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል» ትለዋለች። እውነትም የእሷ ሥራ ይጮኻል፤ ይሸጣልም።

በአሥር ዓመት የምታንሳት አንዲት እህት አለቻት። እናታቸው ከሞተች በኋላ እናትም እህትም ሆና ያስተማረቻት እሷ ናት። ታናሿ ኮምፒውተር ተምራ፣ ጥሩ ደመወዝ ያለውን ሥራ እርግፍ አድርጋ ትታ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ክፍል ውስጥ ተዘግታ የቪዲዮ ጨዋታ ሠራች። የሚያስፈራ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ መዋጋት አይችልም፤ በእጁ ያለችውን ጥቂት ነገር ቆጥቦ፣ ተደብቆ፣ በሕይወት መቆየት ብቻ ነው ሥራው። ሲያልቅ ጨዋታ በሚሸጥበት የኢንተርኔት መሸጫ ላይ የሚወጣ የሽፋን ሥዕል አስፈለጋት፤ ላፕቶፗን ታቅፋ ታላቋ ቤት መጣች።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ተጫወቺው። ቢበዛ ሦስት ሰዓት ቢፈጅብሽ ነው።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከጭራቅ ጋር ልሯሯጥ? አለቃዬ አይበቃኝም? አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እስለዋለሁ።»

ታናሿ አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ነገረቻት። አንዲት ልጅ ብቻዋን ቤት ውስጥ ናት። ሻማ፣ ጥቂት ክብሪትና አንድ ጆግ ውኃ አላት። ደረጃው ላይ የሚወጣና የሚወርድ ነገር አለ። ኮቴው ይሰማል፤ እሱ ግን አንድም ጊዜ አይታይም።

«አይታይም? የማይታይ ነገር እንዴት አድርጌ ልሽጥልሽ?» አለች ታላቋ።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ሠራች። መጀመሪያ የሳለችው ጨለማ ውስጥ የቆመች ሻማና የተዘጋ በር ነበር። ወደደችው። ግን ሥራዋን ታውቃለች፤ መሸጫው ገጽ ላይ ሽፋኑ ከመቶ ሌሎች ጋር ተኮልኩሎ የሚታየው የቴምብር ያህል ሆኖ ነው። ሥዕሉን አሳንሳ ራቅ ብላ አየችው። ሻማዋ ነጥብ ሆነች፣ በሩ ጠፋ። «ይሄማ ዱዳ ነው» ብላ ወደ ጎን አደረገችው። ከዚያ በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ጭራቅ አቆመች፤ ፊቱ አፍ ብቻ፣ አፉ ጥርስ ብቻ። ርዕሱን በወፍራም ቀይ ፊደል ከላይ ጫነችበት። አሳነሰችው። ጥርሱ ቴምብር አክሎም ይናከሳል።

ታናሿ ሥዕሉን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

«ያስፈራል፤ እጅሽ ይባረክ። ግን እትዬ… ይሄ እኮ ጨዋታው ውስጥ የለም።»

«ሳሙናው ላይ ያለችዋ ቆንጆስ ሳሙናው ውስጥ አለች?»

ታናሿ ሳቀች። ሳቀችና እሺ አለች። ታላቋ ኋላ ላይ ሺህ ጊዜ እየመላለሰች ያደመጠችው ያንን ሳቅ ነው። የደስታ ሳቅ አልነበረም፤ ታላቅን ላለማሳፈር የሚሳቅ ሳቅ ነበር።

ጨዋታው በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገበያው ደራ። «አላልኩሽም!» ትላለች ታላቋ በስልክ። በአራተኛው ቀን ገዢዎቹ መጻፍ ጀመሩ። «ጥርሱ የታለ?» አለ አንዱ። «ሽፋኑ ሌላ፣ ጨዋታው ሌላ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሻማ ስጠብቅ ዋልኩ» አለ ሌላው። ደም ፈልገው የመጡት ተናደው ገንዘባቸውን አስመለሱ። ጸጥ ያለ ጭንቀት የሚወዱት ደግሞ፣ ጨዋታው የተሠራላቸው እነሱ፣ ጥርሱን አይተው አልፈውት ሄደዋል። ከጨዋታው ስም ሥር የገዢዎቹ ፍርድ፣ «አብዛኛው አልወደደውም» ተብሎ፣ በቀይ ተጻፈ፤ መሸጫውም ከፊተኛው ገጽ አወረደው። በወሩ ስሙን የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

ታናሿ አንድም ቀን አልወቀሰቻትም። አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ገብታ የተበላሸ ኮምፒውተር መጠገን ጀመረች። «ምን አለበት፣ እንጀራ ነው» አለች። ብትወቅሳት ይሻላት ነበር፤ ዝምታዋ ነው እንደ እሾህ ውስጧ ተሰክቶ የቀረው።

አምስት ወር አለፈ። አንድ እሑድ ታላቋ ጉንፋን ይዟት ቤት ዋለች። ሥራ ስትፈታ እጇ አያርፍምና፣ «ምን ያህል እንዳጠፋሁ እስቲ ልየው» ብላ ጨዋታውን ከፈተችው።

ጨዋታው በአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ይጀምራል። «አሁን መጣሁ። በሩን ለማንም እንዳትከፍቺ። ድምፅሽን አታሰሚ።» ቁልፉ ከውጭ ሁለቴ ይዞራል።

ይህ ድሮ እሷ ራሷ ትለው የነበረ ነው። ቤቱን ዞራ አየችው። እጀታው የተሰበረው አረንጓዴ ጆግ አለ። ስትረገጥ የምትንቋቋው ሦስተኛዋ ደረጃ አለች። እናታቸው የሥራ ልብሷን የምትሰቅልበት ምስማር ሳይቀር አለ። እናታቸው ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች፤ የማታ ተራ ሲደርሳት ትንሿን በአደራ የምትሰጠው ለትልቋ ነው። ትልቋ ደግሞ የስድስት ዓመቷን ልጅ ቆልፋባት፣ ሥዕል ልትማር ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ማስታወቂያ ጻፊ ዘንድ ትሄድ ነበር። ለአንድ ሰዓት ብላ ትወጣለች፤ ሦስት ሰዓት ትቆያለች። ስትመለስ ልጅቷን ዕቃ ቤት ውስጥ ከከሰል ጆንያ ኋላ ተሸጉጣ ታገኛታለች። «አይ ፈሪ!» ብላ ትስቅባታለች። ይህን ሁሉ ረስታው ነበር። ያቺ ልጅ ግን አንዷንም አልረሳችም።

እጇ አልለምድ ብሎ ሻማዋ ደጋግማ ጠፋችባት፤ ደጋግማም ጀመረች። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ጨረሰችው። የመጨረሻዋ ክብሪት ስታልቅ ቁልፉ ይዞራል፣ በሩ ይከፈታል፣ ብርሃን ይገባል። ብርሃኑ ውስጥ ጣቶቿን ቀለም የነካት አንዲት ወጣት ቆማለች። ጨዋታው እዚያ ያበቃል። ታናሿ አራት ዓመት ደክማ የደረሰችው እዚያ ደፍ ላይ ነው፤ ታላቋ ደግሞ በዚያው ደፍ ላይ ጭራቅ አቁማለች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ኢንሹራንሱ ሕንፃ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ተጫወትኩት።»

«ምኑን?»

«ያንቺን።»

ታናሿ አንገቷ ላይ ያለውን መታወቂያ ማሻሸት ጀመረች።

«ለሥዕል ነበር የምሄደው» አለች ታላቋ፤ ከዚያ የሚሻል ነገር አልመጣላትም።

«አውቃለሁ። ስትመለሺ እጅሽ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር።»

«የእማዬን አደራ በላሁ። ይቅር በዪኝ።»

«እሱን ድሮ ትቼዋለሁ፣ እትዬ። ባልተወውማ መጨረሻ ላይ በሩን አንቺ አትከፍቺውም ነበር።» ትንሽ ቆይታ ቀጠለች። «ሽፋን ሠሪ ሞልቷል። አንቺ ጋ ይዤው የመጣሁት ሽፋን ብቻ ፈልጌ አልነበረም። እንድትጫወቺው ነበር።»

ሰው እየገፋቸው ሲገባና ሲወጣ ሁለቱም እዚያው ቆሙ።

በዚያ ሳምንት የጣለችውን ሥዕል ፈልጋ አወጣች። ያን ጊዜ ሥዕሉን ዱዳ ያደረገው ሻማው ሳይሆን አርቃ ማቆሟ እንደነበር አሁን ገባት። ሻማዋን አቀረበቻት፤ ነበልባሉን የሚከልል የልጅ እጅ ጨመረችበት፤ ከኋላ በበሩ ሥር አንዲት ቀጭን የብርሃን መስመር ብቻ ተወች። ርዕሱን በነጭ ጻፈችው። አሳነሰችው። አይጮኽም፤ ዓይን ግን ይይዛል። ሁለት ቀን ነው የፈጀባት። ሦስት ሰዓት አጥታ ሳይሆን ነፍጋ ያበላሸችውን ለማቃናት ሁለት ቀን!

ታናሿ ሽፋኑን ለወጠችው። አንድ ሁለት ሰው እየመጣ ይገዛ ጀመር። አንዲት ሴት «ልጅ ሳለሁ እኔም እንዲህ እጠብቅ ነበር» ብላ ጻፈች፤ ታናሿ ያንን ለእህቷ ላከችላት፣ ከራሷ ምንም ሳትጨምርበት። መሸጫው ግን አንዴ ያወረደውን ጨዋታ መልሶ ወደ ፊት አላወጣውም፤ ለእሱ በየቀኑ አዲስ ይመጣለታል።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ምሳ አብረው ይበላሉ። ስለ ጫማ ያወራሉ፣ ስለ አከራይ፣ ስለማይረባው ሊፍት። አንዳንዴ ታላቋ አላስችል ይላትና «ሌላ ጨዋታ አልጀመርሽም?» ትላለች።

«ሥራ በዛብኝ፣ እትዬ» ትላለች ታናሿ ሰዓቷን እያየች።

ታላቋም ከዚያ አልፋ አትጠይቅም። እስከ ሕንፃው ውስጥ ድረስ ትሸኛትና፣ ሊፍቱ እስኪዘጋ ቆማ ታያታለች።