እንከን የማይወጣለት ጥቁር

ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ኮምፒውተር እጠግን በነበረበት ጊዜ ነው። የጌም ቤት ሊከፍቱ ያሰቡ ሐጂ አብዱላሂ የሚባሉ ጎረቤቴ ውድ የጌም ስክሪን ሊገዙ ሱቅ ይዘውኝ ሄዱ።

«ልጄ፣ አንተ ጥሩ ነው ካልከኝ ወላሂ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ» አሉኝ።

እንዲህ ያለውን ስክሪን ነክቼ እንደማላውቅ አልነገርኳቸውም።

ላፕቶፔን ሰክቼ ስክሪኑን ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ እያደረግሁ መረመርኩት። እንከን አጣሁበት። እንከን ካላገኘሁ ደግሞ ምኑን ባለሙያ ሆንኩ?

«ዋናው ፈተና ጥቁሩ ነው፤ ስክሪኑ በጠርዙ ብርሃን የሚያሾልክ ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው» አልኩና ባለሱቁ አምፖሉን አጥፍቶ፣ በሩን ዘግቶ ውጭ እንዲጠብቀን አደረግሁ። የላፕቶፔን ብርሃን በጃኬቴ ሸፍኜ ስክሪኑን ጥቁር አደረግሁት። መጀመሪያ ጥግ ጥጉ ላይ ግራጫ ነገር ታየኝና ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን እሱም ጠፋ። አፍንጫዬ እስኪነካው ተጠግቼ አፈጠጥኩ። ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው።

«ሐጂ፣ ይውሰዱት!» አልኩ ተሸንፌ። «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥቁር አይቼ አላውቅም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ።

ይሄኔ ባለሱቁ በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ።

«አውፍ ይበሉኝ ሐጂ፣ መብራት ከሄደ ቆየ። ሲመጣ ስክሪኑን በርቶ ያዩታል።»