በሐምሌ ዝናብ አንድ እንቁላል

ሱሉልታ ላይ ዶሮ ያላት ሴት ጠዋት በሯን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ሰማዩን ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሽካካል። በኅዳር ውርጩ ሜዳውን ነጭ ሲያደርገው ከቆጥ መውረድ ይለግማሉ፤ ቢሆንም ረፋዱ ላይ ሞቅ ሲል ይጥላሉ። ክረምት ግን ተስፋ የለውም። ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም ቀኑን ከምሽት ጋር ያደባልቀዋል፣ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ ዶሮዎቹም ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አንድ እግራቸውን ሰብስበው፣ አንገታቸውን ቀብረው ይቆማሉ። የራሰ ዶሮ እንደ ታመመ ሰው ነው፤ ቢሰጡት አይበላም፣ ቢያባርሩት አይሮጥም።

ያን ክረምት የማልረሳው በትልቋ ልጄ ምክንያት ነው። ሰባት ዓመቷ ነበር። ሰኔ መግቢያ ላይ ኩፍኝ ወጣባትና ሦስት ሳምንት ተኛች። ተረፈች፤ ነገር ግን የተነሣችው ልጅ የተኛችው ልጅ አልነበረችም። እግሯ ቀጥኖ ግድግዳ ካልያዘች አትራመድም ነበር። አባቷ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር ክረምቱን ከእኛ ርቆ ነው ያሳለፈው። አዝዬ ክሊኒክ ወሰድኳት። ድሬሰሩ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየና፣ «የሚበላ ነው ያጣችው። በየቀኑ አንድ እንቁላል ስጫት። እንዲህ ሆና ብርድ ከመታት አትችለውም» አለኝ። ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል ጭቃውን እየረገጥኩ እስከ ቤት ድረስ ይዣት መጣሁ።

ስድስት ዶሮዎች ነበሩኝ፤ ሦስቱን ዝናቡ ሲጀምር ፈንግል ጨረሳቸው። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ሐምሌ እንደገባ መጣል አቆሙ። የጠላ አተላ አሞቅኩላቸው፣ ገብስ ቆልቼ ፈጭቼ ሰጠኋቸው፣ ቆጣቸውን ወደ ምድጃው አስጠጋሁ። ጢሱ እኔንም እነሱንም አስለቀሰን እንጂ ምንም አልመጣም። ገበያ ወጥቼ ጠየቅኩ። የማን ዶሮ ይጥላል በዚህ ዝናብ? የምትጥለው ቀይዋ ብቻ ነበረች። እሷም ስምንት እንቁላል ሰጥታኝ፣ ያንንም ልጄ በስምንት ቀን በልታ፣ ዘጠነኛው ቀን ላይ ቀይዋ ባዶ ጭድ ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች። መታቀፍ አምሯታል። እጄን ሳስጠጋ ላባዋን ነፍታ ትነክሰኛለች።

ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሲጠሩኝ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ጆንያ ራሳቸው ላይ ደፍተው በዝናቡ መጡና ዶሮዋን አዩአት።

«ይቺስ ከእኔም ከአንቺም ትሻላለች፤ በዚህ ብርድ ሙቅ አልጋ ይዛ ተኝታለች» አሉ።

«እማማ፣ እባክዎ አይቀልዱ። ልጄ ከትናንት ጀምሮ እንቁላል አልቀመሰችም።»

«ላባ ስኪባታ። ከዚያ ለእኔ ስጪኝ፤ ቤት ሲለወጥባት ይረሳታል።»

ያዝኩላቸው። ከክንፏ አንድ ላባ ነቅለው በአፍንጫዋ ቀዳዳ ከአንዱ ወደ ሌላው አሳለፉት። ዶሮዋ ራሷን አራገፈች፣ በእግሯ ቧጠጠች፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አሮጊቷ ሳቁብኝ።

«አንቺም እንደሷ ነሽ እኮ። ልጅቷን ታቅፈሽ ነው የምትውይው። ላንቺስ ማን ነው ላባ የሚሰካብሽ?»

ዶሮዋን ብብታቸው ሥር አድርገው ወሰዷት። እውነታቸውን ነበር። ልጄ ስትተኛ ትንፋሿን ለመስማት ጎንበስ እላለሁ፣ ስትስል ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ፣ በር ሲከፈት ነፋሱን በጀርባዬ ለመከለል እቆማለሁ። ደክሞኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት አሮጊቷ ቤት ሄጄ፣ «ጣለች?» እላለሁ፤ «ሰማዩ ተጣልቷት እሷ ምን ታድርግ» ይሉኛል።

ዶሮዋ ከሄደች ሦስተኛው ሳምንት አልቆ ነሐሴ ገባ። ዝናቡ ሁለት ቀን ፋታ ሰጠና ፀሐይ ወጣች። ሦስተኛው ቀን ላይ አሮጊቷ ከአጥሩ ማዶ ጮኸው ጠሩኝ። እንቁላሉ ትንሽ ነበር፣ ቅርፊቱም ስስ፤ በሁለት እጄ ይዤው ገባሁ። ልቀቅለው ስል በሳህን አድርጌ አሳየኋት።

ልጄ አየችውና ሳህኑን ገፋችው።

«እማዬ፣ ፍልሰታ ገብቷል።»

ዶሮ ጾም አታውቅም፤ እኔም ዝናብ ስቆጥር ጾሙን ለእሷ አላሰብኩትም ነበር። በእኛ አገር ሌላውን ጾም የማይጾም ሕፃን እንኳ ፍልሰታን ይጾማል። የአሮጊቷ የልጅ ልጆች በየቀኑ ነጠላቸውን ለብሰው በደጃችን እያለፉ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ እሷ በመስኮት ታያቸዋለች።

«አንቺ እኮ ታመሻል» አልኳት።

«አልታመምኩም። ድነሻል ብለሽኝ የለ?»

ብዬ ነበር። እንዳትፈራ ብዬ በየቀኑ የምላት እሱን ነበር። የንስሐ አባታችን ጋ ሄጄ ጠየቅኩ። «የታመመ ይብላ፣ ኃጢአት የለበትም። ስትሰጫት ግን ነግረሽ ስጫት» አሉኝ። ነገርኳት። አፏን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አደረግኩ። እንቁላሉን በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ መትቼ በአጃ አጥሚት ውስጥ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩት፣ እንዳይጓጉል እያማሰልኩ፣ በኋላም አጠለልኩት። ሽታው እንዳይታወቅ ማርና ጤና አዳም ጨመርኩበት። ቅርፊቱን አመድ ውስጥ ቀበርኩ። ጠጣችው። «ዛሬ ይጣፍጣል» አለች።

ሰማዩ ሲከፈት ቀይዋ ትጥላለች፤ ሲያጉረመርምና ሲዘንብ ውሎ ሲያድር ሳትጥል ትውላለች። በጾሙ ውስጥ አምስት እንቁላል ሰጠችኝ። አምስቱንም በአጥሚት አጠጣኋት። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጄ ግድግዳውን ለቃ እስከ በሩ ሄደች። ስትመለስ፣ «ሳልበላ ጾሜ እንኳ በረታሁ፣ አየሽ?» አለችኝ። ምድጃው ላይ ጎንበስ ብዬ እሳቱን እፍ አልኩ።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ልትቆርብ ተነሣች። የጎረቤት ልጆች ሊወስዷት ተስማምተዋል። ፀጉሯን እየጎነጎንኩ ሳለሁ ጉንጉኑን በመሃል ተውኩት። ዝም ብዬ ብልካት ማንም አያውቅም ነበር። ግን ነገርኳት።

«ስንት ቀን?» አለችኝ።

«አምስት።»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችው። ጠርዙን ከጠርዙ ጋር አገጣጥማ፣ ልክ እኔ እንደማጥፈው።

«አባ እኮ ፈቅደውልሻል» አልኳት።

«እኔ እሺ አላልኩም።»

ልጆቹ ደጅ መጥተው ሲጠሩ ራሷ ወጥታ፣ «አልሄድም፣ እግሬን አሞኛል» አለቻቸው። ካፊያው እየወረደባት እስኪርቁ ድረስ ቆማ አየቻቸው። ብርድ ይመታታል ብዬ ልሮጥ ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ግድግዳም አልያዘችም ነበር።

ጾሙ ሲፈታ እንቁላል ቀቅዬ ሰጠኋት። ራሷ ልጣ ጨርሳ በላችው። ማታ ያቀረብኩላትን አጥሚት ግን በማንኪያ ከሥሩ ጀምራ አማሰለችውና ቀና ብላ አየችኝ።

«ውስጡ ምን አለ?»

«አጃ፣ ውሃና ማር» አልኳት። እውነቴን ነበር።

አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው። ከዚያ ጽዋውን ወደ እኔ ገፋችና፣ «አንቺ ቅመሺ» አለች። ቀመስኩ። እስክትጠጣው ድረስ ቆሜ ጠበቅኳት።