እህቴ ያስጨመረችው ዓይን

እናቴ እዚህ ስዊድን ወደ ኤልድረቡኤንደ፣ ወደ አረጋውያን መኖሪያ፣ ልትገባ ስትል የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ግድግዳዬ ላይ ስቀሉልኝ» አለች። ሶፋዋን አላለች፣ ቴሌቪዥኑን አላለች። የአረጋውያን ቤቱ እዚሁ ኖርስቦሪ ነው፣ ከቤቴ በእግር ይደረሳል። ያም ሆኖ «እናቷን ኮሙን፣ ማዘጋጃ ቤት እጅ ላይ ጣለቻት» መባሌ እንደማይቀር አውቃለሁ። እኔ ሁዲንጌ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ፤ እሷ ብቻዋን ስትሆን ደጋግማ ወድቃለች። እገባለሁ ብላ የወሰነችው ራሷ ናት። እንግዲህ ቢያንስ የጠየቀችውን ላድርግላት አልኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሥዕሎቹ የአባቴ ነበሩ። አባቴ አገር ቤት ርዕሰ መምህር ነበር። የዚያን ጊዜ ህንዳዊ አስተማሪ የሌለበት ትምህርት ቤት የለም፤ የእሱ ትምህርት ቤት ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ለዓመታት ኖሩና፣ አገራቸው ሲገቡ አንድ አልበም ሰጡት። የፎቶ አልበም እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ወፍራም የወረቀት ቅጠል በአንድ ፊቱ ዓይን የሚያስጨንቅ ጥቃቅን ሥዕል፣ በሌላው ፊቱ በብዕር የተጻፈ የፋርስ ግጥም አለው። ሲገለጥ ሥዕል ከሥዕል፣ ጽሑፍ ከጽሑፍ ፊት ለፊት ይገናኛል። የድሮ የህንድ ነገሥታት አልበም የሚደራጀው እንደዚያ ነው ብለው መምህሩ ለአባቴ ነግረውታል። የእኛው በቅርብ ጊዜ የተሠራ ቅጂ ነው፤ ለእኛ ግን ያው የንጉሥ ዕቃ ነበር።

እናቴ ከእነዚህ አንዱን ጥንድ ገጽ ትወደው ነበር። በቀኝ በኩል አበባ የያዘ ሰው ቆሟል፣ በግራ በኩል አንዲት ሴት ሰገነት ላይ ተቀምጣለች፣ ይተያያሉ። አባቴ አልበሙን ቡፌ ላይ፣ እዚያው ገጽ ላይ ገልጦ ያስቀምጥላት ነበር።

አባቴ ሞቶ አርባው ሲወጣ ለክፍፍል ተቀመጥን። አጎታችን «ማንም ቅር እንዳይለው» አሉና ምላጭ አስመጥተው አልበሙን ቅጠል በቅጠል እየቆረጡ እንደ ቅርጫ ሥጋ አደሉን። እሳቸው ፍርድ መስሏቸው ነው። እናቴ ጥቁር ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም። ለእኔ ባለ አበባው ሰው ደረሰኝ፣ ለታናሽ እህቴ ሴቲቱ። የቀሩት ከሌሎቹ ወራሾች ጋር አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ዱባይ ሄዱ፤ አንደኛውማ የት እንደገባ ባለቤቱም አያውቀው።

ባለ አበባዬን ፍሬም ከማስገባቴ በፊት የድሮ ወረቀት ለምትጠግን አንዲት ስዊድናዊት አሳየኋት። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ጎረቤት ናት። በሙጫ እንዳላስለጥፈው፣ ጀርባው ላይ ያለውም ግጥም የሥዕሉን ያህል እንደሚከበር አስጠነቀቀችኝ። ቀጥላም ነጋዴዎች እንዲህ ያሉ አልበሞችን እየበጣጠሱ በየቅጠሉ ስለሚሸጡ፣ ሲተያዩ የኖሩ ሥዕሎች አንዱ በአንድ አገር፣ ሌላው ባሕር ማዶ ቀርተዋል ብላ በሐዘን ነገረችኝ። አንገቴን ደፍቼ ሰማኋት። ነጋዴስ እሺ ሊበላበት ነው፤ እኛ በነጻ ነው የበጣጠስነው።

የቀረኝ የእህቴ ቅጠል ነው። እሷም እዚሁ አገር፣ ሶደርተልየ ከተማ ነው የምትኖረው። ደወልኩላት፣ «እሺ አመጣዋለሁ» አለች። ሳምንት አለፈ። ደግሜ ደወልኩ፤ ልጅ ታሞባት ነበር። ደግሜ ደወልኩ፤ ፍሬሙ ከግድግዳው አልወጣ ብሏት ነው። ጉዳያችንን የያዘችው የኮሙኑ ሠራተኛ፣ ሃንድሌጋሬዋ፣ የእናቴን መግቢያ ቀን ቆርጣ ደብዳቤ ላከች፣ እህቴ አሁንም ዛሬ ነገ ትላለች። በመጨረሻ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣና ሳልነግራት ሄድኩባት።

ሥዕሉ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል። ቀረብ ብዬ አየሁት። ያቺ አንገቷን ወደ ጎን መልሳ ሰውዬውን ታየው የነበረች ቀጭን ሴት አሁን ፊቷ ሰፍቶ፣ ከአፍንጫዋ ወዲያ ሌላ ትልቅ ዓይን በቅሎላት ቀጥ ብላ ታፈጥብኛለች። አፍንጫዋ እንደ ድሮው በጎን ነው። ዓይኖቿ ግን የእኛ ቤተ ክርስቲያን መላእክት ዓይኖች ናቸው።

«ምን አድርገሻት ነው?» አልኳት።

«ዓይን አስጨመርኩላት» አለች፣ ሻይዋ ላይ ስኳር ያስጨመረች ይመስል። «ሥዕል የሚሠራ ዲያቆን አለ፣ ለምኜው ነው። በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሳለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ይሁዳና ሰይጣን። ልጆቼ በሚያድጉበት ቤት አልሰቅልም።»

ነገሩን እኔም አላጣሁትም፤ በእኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያየን። ግን ህንዳዊው ሠዓሊ ይህን ከየት ይወቀው? እነሱ ዘንድ ንጉሡም የሚሳለው በጎን ነው። ይህን ላስረዳት ሞከርኩ፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። «ታዲያ ካልወደድሽው ለምን ለእኔ አልሰጠሽኝም?» ስላት «የአባዬ መታሰቢያ አይደለም እንዴ» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይኼ ነው። ፍሬሙን ስገለብጠው ደግሞ ቅጠሉ ከጣውላ ጋር በሙጫ ተለጥፏል። ግጥሙ አብሮ ተቀብሯል። ሰላም ሳልላት ይዤው ወጣሁ።

ወረቀት ጠጋኟ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። አዲሱን ቀለም ላንሳው ብትል የድሮው ፊት አብሮ ይነሳል። ምንም ማድረግ አይቻልም። ያን ቀን ባቡር ውስጥ በእህቴም፣ በዲያቆኑም፣ ነፍሳቸውን ይማረውና በአጎቴም ምላጭ ስንገበገብ ፌርማታዬ አለፈኝ።

እናቴ የገባች ዕለት ሁለቱንም ግድግዳዋ ላይ ሰቀልኳቸው፣ ሰውዬውን በቀኝ፣ ሴቲቱን በግራ። ሰውዬው አበባውን ዘርግቶ ያያታል፤ እሷ ፊቷን ወደ አልጋው አዙራለች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አየቻቸው። እኔ አላስቻለኝም።

«ይቅር በይኝ እማዬ፣ ይቺ ጅል ልጅሽ አበላሽታብሻለች። ሴትዮዋ እሱን አታየውም እኮ።»

«አባትሽ ከሄደ ወዲህ ማንን ልታይ?» አለች እናቴ። «ተያት። እኔን ታየኛለች።»

ከዚያ በእጇ ወደ ባለ አበባው አመለከተች።

«እሱን አውርጂውና ቤትሽ ውሰጂው» አለችኝ። «እዚህ አያስፈልገኝም፤ እሷ ትበቃኛለች።»

አወረድኩት። ሙጫ ሳይነካው፣ ጀርባው ሳይጎዳ ያን ያህል የተጠነቀቅኩለትን ቅጠል በብብቴ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። የት እንደምሰቅለው እስካሁን አላወቅኩም።