የልብ ትርታዬን የቆጠሩት ፈታኞች

ይህ የገጠመኝ በደርግ ዘመን፣ ሮም በገባሁ በአራተኛው ዓመት ነው። ብዙ ጊዜ ቢያልፈውም ሳስታውሰው አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ያልበኛል።

አዲስ አበባ የተማርኩት ነርስነት ነው። ሮም ግን የሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶው፣ የተሰጠኝ በአሠሪዬ በሲኞራዋ በኩል ስለነበር ከእሷ ቤት ብወጣ መግቢያ የለኝም፤ ወደ አገር መመለስም በዚያ ጊዜ አይታሰብም። መውጫዬ የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን ማለፍ ብቻ ነበር። መጽሐፉን ከጠረጴዛው ጫፍ ዘርግቼ፣ ልብስ እየተኮስኩ አጠናሁ።

የጽሑፉንና የተግባሩን ፈተና አለፍኩ። የቀረኝ የቃል ፈተናው ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በእረፍታችን ኤስኲሊኖ ሰፈር የምንገናኝ ጓደኛዬ አልማዝ፣ ሐሳቤ ቶሎ እንደሚበተን ስለምታውቅ መከረችኝ።

"አሎራ፣ ፔርሜሶሽን አስቢና ልብሽን ሰብስቢ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ ስሚ፤ እየሰማሽ መሆኑን ይወቁልሽ" አለችኝ።

ምክሯን አጥብቄ ያዝኩ።

ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንድ ሽማግሌ ሐኪምና ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት የነርሶች አለቃ፣ ሜትሮን። ሜትሮኗ ከቀዶ ሕክምና ስለወጣ በሽተኛ መጠየቅ ጀመሩ። እኔም ዓይኔን ሳልነቅል፣ በየመሀሉ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደርጋለሁ፤ አገር ቤት ሁላችንም "አዎ፣ እየሰማሁ ነው" ለማለት እንደምናደርገው። ንግግራቸውን አቋርጠው አዩኝ። ቀጠሉ። እኔም እንደገና ሳብ። ተነስተው መስኮት ከፈቱ። ሐኪሙ ደግሞ ውኃ ቀዱልኝ።

እዚህ ላይ ሐሳቤ ብትን አለ። መውደቄን አይተው አዘኑልኝ ብዬ ደመደምኩ። ጥያቄው ከጭንቅላቴ ጠፋ፤ በምትኩ ያልተተኮሰው የሲኞራ ልብስ ክምር ድቅን አለብኝ። ይባስ ብሎ ሐኪሙ እጄን ይዘው፣ ሰዓታቸውን እያዩ የልብ ትርታዬን መቁጠር ጀመሩ።

"አንድ ሰው እንዲህ ትንፋሽ ሲያጥረው ምን ታደርጊያለሽ?" አሉኝ ሜትሮኗ።

ይህንንማ ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝም አውቀዋለሁ። ሐሳቤ ተመለሰ። ቀና አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፣ ልብሱን አላላለታለሁ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ አተነፋፈሱን እቆጥራለሁ፣ ኦክስጅን አዘጋጃለሁ፣ ሐኪም አስጠራለሁ፣ ብቻውን አልተወውም። አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩት።

"ይህን ሁሉ እያወቅሽ አስምሽን ደብቀሽ ለምን መጣሽ?"

ክው አልኩ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

"አስም የለብኝም። እኛ አገር ሰው ሲያናግረን አዎ የምንለው እንዲህ ነው" አልኩና ትንፋሼን ስቤ አሳየኋቸው።

ሐኪሙ አላመኑኝም። ማዳመጫቸውን አውጥተው ጀርባዬን ደጋግመው አዳመጡ። በመጨረሻ ሳንባዋ ከእኔ ይሻላል ሲሉ ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሜትሮኗ ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ጥያቄውን ከመጀመሪያው እደግምልሻለሁ። እንደለመድሽው ስሚኝ" አሉኝ።

ሰማሁ፣ መለስኩ፣ አለፍኩ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በነርስነት የሠራሁባቸውን ዓመታት ባሰብኩ ቁጥር እፎይ እላለሁ። እኒያ ሜትሮን፣ በሽተኛ ናት ብለው ዝም ብለው ቢያሰናብቱኝ ኖሮ፣ ለምን እንደወደቅኩ እንኳ ሳላውቅ በሰው ቤት አረጅ ነበር። ስለጠየቁኝ እግዚአብሔር ይስጣቸው።