ጋቢና የታላቅ ነው

ባለፈው የአረፋ ዋዜማ ጠዋት... ከደሴ ወደ መካነ ሰላም፣ የባለቤቴ ቤተሰቦች ጋ ልንሄድ ገና ሻንጣ እየጫንን ነው። ዞር ስል ጋሼ ይማም ጋቢና ተቀምጧል። ቀበቶውን ሁሉ አስሯል።

ጋሼ ይማም የባለቤቴ የሰይድ ታላቅ ወንድም ነው። መኪና ስለሌለው በየበዓሉ ከእኛ ጋር ነው የሚሄደው። ይሂድ፣ ደስ ይለናል። ፊት ለፊት «አንቱ» ነው የምለው፤ እዚህ ግን ይቅር በሉኝ፣ ከአፌ አይወጣልኝም።

ልጄ ሀያት አሥር ዓመቷ ነው። ከኋላ ከተቀመጠች መኪና አይስማማትም፤ ጋቢና ከሆነች ግን ምንም አትሆንም። ሎሚ አሽትቻታለሁ፣ ዝንጅብል አሳኝኬያታለሁ፣ በባዶ ሆዷም አብልቼም ወስጃታለሁ፣ መስኮት ከፍቼ ብርድ አስመትቻታለሁ። አንዱም አልሠራም። አምና ጨነቀኝና ለመንኩት።

«ጋሼ፣ እባክዎ ለልጅቷ ጋቢናውን ይልቀቁላት።»

«ጋቢና የታላቅ ነው። ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል። ልጅ አታሞላቂ... ይለመዳል» አለኝ። ይሄ የሚያመው ጉልበት እኮ የጦሳን ተራራ ወጥቶ ይወርዳል!

ልጄ አምና አያቷ ቤት የገባችው ፌስታል ታቅፋ ነው። በማግስቱም ሆዷ አልረጋም። የአክስቷ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ሲሯሯጡ እሷ ጓዳ ተኝታ ዋለች። የበዓል ሥጋ ሳትቀምስ ተመለሰች። ቂሙን ያዝኩ። ወላሂ ያዝኩ።

ዘንድሮ አልለመንኩትም። ሀያትን ወጥ ቤት አስቀምጬ እንቆቅልሽ ሳስጠናት ነው የሰነበትኩት። ጋሼ ይማም እንቆቅልሽ ይወዳል፤ መሸነፍ ግን ሞቱ ነው።

ጉጉፍቱ ስንደርስ ጉሙም ብርዱም መጣ። እኔ ከኋላ በሁለቱ ልጆቼ መሀል ነኝ፣ በሀያትና በአራት ዓመቱ ሙባረክ። የሀያት ከንፈር መገርጣት ሲጀምር ጭኗን ነካ አደረግኳት።

«አጎቴ፣ እንቆቅልህ!»

ዞር አለ። «አንተ ትይኛለሽ?»

«በእንቆቅልሽ አንቱታ የለም፣ ጋሼ» አልኩ በትህትና።

«እሺ፣ ምን አውቅልሽ!»

«አራት እግር አለው፣ አይራመድም። ሁለት ዓይን አለው፣ አያይም። ሰው በሆዱ ይዞ ይዞራል፣ አይወልድም።»

ብዙ አሰበ። «ጠረጴዛ» አለ።

«ጠረጴዛ ዓይን አለው እንዴ?» አለ ሙባረክ።

ሰውዬው መኪና ውስጥ ተቀምጦ መኪናን አጣት! ያው እንደምታውቁት የተሸነፈ አገር ይሰጣል፤ ያሸነፈ ደግሞ አገሩን ካልወደደው እምቢ ይላል።

«አገር ስጠኝ!»

«ወረኢሉን ሰጠሁሽ።»

«ወረኢሉ ገብቼ ምን አጥቼ! ሙክቱ ለኔ፣ ቀንዱ ላጎቴ!»

ሰይድ መሪውን እንደያዘ በሳቅ ፈነዳ። የጋሼ ይማም ጆሮ ቀላ። እልህ ያዘው፤ እኔም የምፈልገው ይሄንኑ ነበር።

«ድገሚ!» አላት።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«ሁሉም ይመኘዋል፣ አንድ ሰው ብቻ ይቀመጥበታል። የተቀመጠበት ሰው ልቀቅ ቢሉት አይሰማም።»

«ዙፋን!»

«አይደለም።»

«ሥልጣን!»

«አይደለም። አገር ስጠኝ!»

«ከላላን ሰጠሁሽ።»

«እምቢ።»

«ወግዲን።»

«እምቢ።»

«እሺ፣ መካነ ሰላምን ከነገበያዋ!»

«እምቢ!»

በገነ። «አቦ የፈለግሽውን ራስሽ ውሰጂ! ሰጥቻለሁ! ወላሂ ሰጥቻለሁ!»

«ጋቢናን!» አለች ልጄ። «መልሱም ጋቢና ነው።»

«ጋቢና አገር ነው እንዴ?» ብሎ ወደ ወንድሙ ዞረ።

ታላቁን ቀና ብሎ አይቶ የማያውቀው ሰይድ ቀስ ብሎ መኪናውን ጥግ አስያዘ። «ወንድም ጋሼ... ወላሂ ብለዋል እኮ» አለ።

በአረፋ ዋዜማ ወላሂ ያሉትን ማፍረስ ይከብዳል። ወረደ። የኋላውን በር እኔው ከፈትኩለት፣ በአክብሮት።

ከአቀስታ በኋላ ያለውን ጠመዝማዛ የሄደበት ያውቀዋል። ሀያት ፊት ሆና ትዘፍናለች። ጋሼ ይማም መጀመሪያ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ላብ ላብ አለው። ከዚያ ሙባረክ እኔ ላይ ተጋድሞ እግሩን እሱ ጭን ላይ ሲዘረጋበት እንኳን መቆጣት አቃተው።

«እህቴ... ፌስታል አለሽ?»

ፌስታሉን ሰጠሁት። ቦርሳዬ ውስጥ ሎሚ ነበር፤ አላወጣሁም። «አይዞዎት ጋሼ፣ ይለመዳል» አልኩት። ይህችን ቃል ዓመት ሙሉ ነው ያቆየሁለት። ከአፌ ስትወጣ ማር ማር አለችኝ።

መካነ ሰላም ስንደርስ አማቴ እንደ አምናው መስሏቸው ለልጅቷ ደንግጠው ወጡ። ሀያት ከጋቢና ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ከኋላ ደግሞ ሰይድ የበኩር ልጃቸውን ደግፎ ያወርዳል።

«ያ አላህ! ልጄን ምን አደረጋችሁት?»

«መኪና አልተስማማቸውም» አለች ሀያት። እንቆቅልሹ ስላለቀ ወደ አንቱታዋ ተመልሳለች።

በበዓሉ ቀን ልጄ ከአክስቷ ልጆች ጋር ከአንድ ትሪ ስትሻማ፣ አፏ እስኪወዛ ስትበላ ቆሜ አየኋት። እንባዬ መጣ። ጓዳ የተኛው ዘንድሮ ጋሼ ይማም ነው። አማቴ የዝንጅብል ሻይ አስይዘው ላኩኝ።

ቀና አለ፤ ድምፁ ሰልሏል። «እንዲህ ነው እንዴ የሚያደርጋት? አላወቅኩም ነበር እኮ... አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ፣ ጋሼ» አልኩት። ከልቤ አዘንኩለት።

ጋቢናውን ግን በመልስ ጉዞውም አልሰጠነውም።