አርባ አፍ በሁዳዴ

ጤና ጣቢያ በጊዜያዊነት ከተቀጠርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አለቃዬ የቅጽ ክምር ሰጠኝና፣ "ከሞላሌ ወዲያ ካለው ትምህርት ቤት የአርባ ልጅ ጥርስ አይተሽ፣ የተበላውን ቆጥረሽ ቅዳሜ ማታ አምጪ። ካቃተሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" አለኝ። እንዲህ ነው የሚያናግረኝ።

አርብ ጠዋት መምህሩ ልጆቹን ፀሐይ ላይ አሰለፈልኝ። የጥርስ መስታወቴን በአልኮል ወለወልኩና የመጀመሪያዋን ልጅ አፍሽን ክፈቺ አልኳት። አሸተተችው።

"ሲስተር፣ አረቄ ነው እንዴ?"

"መድኃኒት ነው።"

"አረቄ አረቄ ይላል። እኔ ደግሞ ዛሬ እቆርባለሁ።"

ሰልፉ በሙሉ ከንፈሩን ገጠመ። መምህሩን ባየው እሱም ገጥሟል። ሁዳዴ መሆኑን ረስቼ እኔ ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት፤ ይሄን ግን አልነገርኳቸውም።

በንዴት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና ቄሱን ቅዳሴ ሊገቡ ሲሉ ደጀ ሰላሙ ላይ ያዝኳቸው።

"አባ፣ እርስዎ ቢነግሯቸው ይከፍታሉ።"

"ከቅዳሴ በኋላ፣ ልጄ።"

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ንፋሱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ምንም አልቀረው። ቅዳሴው አልቆ ልጆቹ ሲወጡ ሁሉም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። የቆረበ ሰው አይተፋም፤ መስታወት አፍ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ምራቅ ይመጣል። ይሄን እናቴ አስተምራኝ ነበር። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ አስረሳኝ።

"ፊትሽ ምን ሆኖ ጠቆረ?" አሉኝ ቄሱ።

"ሥራዬን ላጣ ነው፣ አባ።"

ጢማቸውን አሻሹ። "ነገ ማለዳ ነይ። ቅዳሜ ጠዋት ስለሚበላ፣ በልተው እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ።"

መምህሩ ቤት አደርኩ። ቅዳሜ ማለዳ ልጆቹ ገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ ከቄሱ ጋር መጡ። ግን ቀድሞ የሚቀመጥ ጠፋ። ቄሱ ሄደው ወንበሬ ላይ ዘፍ አሉ።

"መጀመሪያ እኔን እዪ።"

አየሁ። "ሦስት ተበልቷል፣ አባ።"

"ቀስ በይ፣ ልጆቹ ይሰማሉ።"

"ስኳር ይወዳሉ?"

"ሻይ ላይ ብቻ።"

"ስንት ማንኪያ?"

ዞር ብለው ልጆቹን አዩ። "አምስት። በጾም ጊዜ ነው እሱም።"

የትናንትናዋ ልጅ "አባ አምስት ማንኪያ!" ብላ በሳቅ ፈረሰች። አፏ እስከ መንጋጋዋ ተከፈተ። ሳልለምናት ሁለት የተበሉ አየሁባትና ሳትዘጋው ወንበሩ ላይ ጎትቼ አስቀመጥኳት። የቀሩት እሷን ተከትለው ተሰለፉ፤ እስከ ስድስት ሰዓት አርባውንም ጨረስኩ። ከረሜላ ያልነካው ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ማታ አለቃዬ ቅጹን አገላብጦ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ። ዕድሜ፣ ሰባ አንድ።

"ይሄ ስንተኛ ክፍል ነው?"

"ቄሱ ባይቀመጡ የቀሩት አርባዎቹ አይኖሩም ነበር" አልኩት።

ፈረመ። ሌላ ሰው ስለመቅጠርም ምንም አላነሳም።